መብራቱ መጣ፣ መብራቱ መጡ

የሰውየውን ስም አልጽፍም ብዬ ነበር ወረቀቱን የሳብኩት። አልቻልኩም። ስሙን ካልጻፍኩ ነገሩ አይገባም፤ ከጻፍኩ ደግሞ ስም አጥፊ እባላለሁ። ደግነቱ ስሙ ብቻውን የማንም ነው፣ ሰቆጣ ውስጥ በየሰፈሩ ሁለት ሦስት አይጠፋም። መብራቱ። ይኸው ወጣልኝ። የአባቱን ስም፣ ሹመቱንና መሥሪያ ቤቱን ግን ከእኔ አትሰሙም።

ከጦርነቱ በኋላ ከተማችን ለረጅም ጊዜ መብራት አላየችም። ሽቦው ተበጣጥሶ፣ ምሰሶው ወድቆ፣ ስልክ ለመሙላት ሶላር ያለው ሰው ደጃፍ ተሰልፈን የከረምን ሰዎች ነን። በኋላ መብራት ተመለሰ፤ ተመለሰ ከተባለ። ሲፈልግ ይመጣል፣ ሲፈልግ ይሄዳል፣ ለምን እንደሄደ የሚነግርህ የለም። እንግዲህ በዚህ መሀል ነው መብራቱ የሚባል ሹም የላኩብን። ሰው ምን ያድርግ? አፉን ይስፋ?

እዚህ ላይ አማርኛችን ራሱ ተንኮለኛ ነው። የሽቦው መብራት ሲመጣ "መብራቱ መጣ" ነው የምንለው። ሹሙ ሲመጡ ደግሞ፣ ትልቅ ሰው ናቸውና፣ "አቶ መብራቱ መጡ"። "አቶ"ን ስትጥላት የምትቀረው ልዩነት አንዲት ፊደል ናት፤ ጣ እና ጡ። በዚህች ፊደል ስንት ጉድ እንደተሠራ እኔ ነኝ የማውቀው።

ከተማው ሁለቱን ገለባበጣቸው። ለሽቦው "እሳቸው" ማለት ተጀመረ። "እሳቸው መጡ እንዴ?" ይላል አንዱ አምፖሉን አንጋጦ እያየ። "አይ፣ ከትናንት ወዲያ ወጥተው አልተመለሱም" ይላል ሌላው። ሹሙ በመኪና ሲያልፉ ደግሞ፣ በዝቅታ፣ "መብራቱ መጣ፣ ስልካችሁን ሰኩ።" አክብሮቱ ለሽቦ፣ ድፍረቱ ለሹም። የማይስቅ አልነበረም።

እኔ ያኔ የጽሕፈትና የፎቶ ኮፒ ቤት ነበረኝ። ከመሥሪያ ቤቱ በር ፊት ለፊት፣ የመንግሥት ከሆኑት ተደርድረው ከተሠሩ ክፍሎች አንዷን ተከራይቼ ነበር። ከገጠር ወረዳዎቻችን ከዝቋላና ከፃግብጂ ማመልከቻ ለማስገባት በእግሩ የመጣ ሰው በሩን ሊያንኳኳ ሲል የሚያያት የመጀመሪያ ነገር የእኔ ሰሌዳ ናት። አማርኛ የሚከብደው በአገራችን አገውኛ፣ በኽምጣና፣ ይነግረኛል፣ እኔ በአማርኛ እጽፍለታለሁ፣ አንብቤ በኽምጣና እመልስለታለሁ፣ ይፈርማል። ቦታው ነው እንጀራዬ። ክፍሏ ከበሩ ትንሽ ራቅ ብትል ኖሮ ማንም አያገኘኝም ነበር። የልጆቼ አባት በሳዑዲ መንገድ ሄዶ ድምፁ ከጠፋ ጀምሮ ሁለቱን ልጆቼን ያሳደገችልኝ እሷ ክፍል ናት። ሌላ ምንም የለኝም።

አብሮ አደጌ ደግሞ ከመንገዱ ማዶ፣ ከሹሙ ቢሮ በር ላይ፣ ጸሐፊ ሆና ትሠራ ነበር። ከጽጽቃ ወዲያ ካለ አንድ መንደር ነው የመጣነው። ሰቆጣ ስንማር አንድ ጠባብ ክፍል ተከራይተን፣ ከቤት የተላከልንን ድርቆሽና ቆሎ ተካፍለን፣ በአንድ ብርድ ልብስ የተኛን ልጆች ነን። አስተማሪ ሲቆጣን ሳቋን መያዝ አትችልም ነበር፤ እሷ ትስቃለች፣ የምቀጣው እኔ ነኝ። ይህን ያኔ እንደ ፍቅር ቆጥሬዋለሁ። ስንት ነገር ነው እንደ ፍቅር የቆጠርኩት!

በየቀኑ ለምሳ ስትወጣ መንገዱን ተሻግራ ትመጣለች። ወንበሩን ስባ ትቀመጥና አዲሱን ቀልድ ታወጣለች። ልብ በሉ፣ ቀልዱ የሷ ነው። እኔ አዳማጭ ነኝ፤ ሰው ሲመጣ ግን ደግሜ የምናገረው እኔ ነበርኩ፣ አፌ አያርፍማ። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ይላሉ፤ እኔ ቤት ከአፍ የወጣ ነገር ሦስት ኮፒ ነው የሚወጣው።

ከጎኔ ጨርቃ ጨርቅና ሸቀጥ የሚሸጡ አንድ ሐጂ ነበሩ፣ ጀነሬተር አላቸው። መብራት ሲጠፋ ያስነሱታል፤ ይጮሃል፣ ያጨሳል፣ ነዳጅ ይጠጣል፣ የሚሰጠው ግን አንዲት አምፖል ነው። አብሮ አደጌ ስሙን፣ በሹሙ ምክትል፣ "ምክትሉ" አለችው። "መብራቱ ሲሄዱ እሱ አይደል የሚጮኸው?" አለች። ከዚያ በኋላ መንገደኛው ሁሉ "ሐጂ፣ ምክትሉን ያስነሱልን እንጂ" ማለት ጀመረ። ሐጂ መጀመሪያ አልገባቸውም፤ ሲገባቸው አንድ ቀን ሙሉ ብቻቸውን ሲስቁ ዋሉ።

ሶላር "ተቃዋሚ" ተባለ፣ ከመብራቱ ምንም አይፈልግምና። ሻማ "የቀድሞው አስተዳደር" ሆነ። አምፖል ሲበራ የሚሰበሰበው የእሳት እራት "ደጋፊ" ተባለ፤ "መብራቱ ይጥፉ እስቲ፣ አንዱን ታገኚው እንደሆነ" ትለኝ ነበር። ቆጣሪ የሚያነበው ሠራተኛ ሳይቀር ምንም ሳያጠፋ "ገምጋሚ" የሚል ስም ወጣለት። እኔ ሆዴን ይዤ እስቃለሁ። ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው የሚባለውን ከልጅነቴ ጀምሬ ሰምቼዋለሁ፤ ለእኔ የተባለ አልመሰለኝም።

በዚህ ሁሉ የእኔ የራሴ የሆነች አንዲት ቀልድ ብቻ አለች። ባልነበረች።

ለቅሶ ደርሰን ስንመለስ ነው። በአገራችን በኩል አንዲት የአባቷ ዘመድ አርፈው፣ ሁለታችን ብቻ ቁልቁለቱን እየወረድን ነበር። መንገዱ ላይ ሰው የለም፣ ፍየሎች ብቻ። እንዲህ ስንሆን ኽምጣና ነው የምንናገረው፤ በልጅነታችን ከተማ ውስጥም የሆዳችንን የምንጫወተው በሱ ነበር፣ ጎረቤት እንዳይሰማን። ደክሞን አንድ ድንጋይ ላይ ተቀመጥንና እሷ ስለ ሹሙ ጀመረች። እኔም ምን ነካኝ፣ "እናቱ ይህን ስም ያወጡለት ጨለማ መሮአቸው ነበር አሉ፤ ምን ዋጋ አለው፣ የወለዱት ጨለማውን ነው" አልኩ። እሷ ሳቀች። እኔ ግን ወዲያው ደስ አላለኝም። እናት አይነካም። የማላውቃቸውን ሴት፣ ያውም ከለቅሶ ስመለስ። "ተይው፣ ይቺን አትድገሚያት" አልኳት። "እብድ ነኝ እንዴ?" አለችኝ። እኔም ለማንም አልደገምኳትም፣ በአማርኛማ ከአፌ ወጥታ አታውቅም።

ያን ዓመት የክፍሎቹ ውል የሚታደስበት ነበር። ማን ይቀጥላል፣ ማን ይነሳል የሚለው በሹሙ ፊርማ ነው። እኔ እንቅልፍ አጣሁ። እሷ ግን፣ "ወረቀቱ በእኔ እጅ አይደል የሚያልፈው? አታስቢ፣ እኔ አለሁልሽ" አለችኝ። ይህን ሰምቼ ለልጆቼ ሁሉ ነገርኳቸው። "አክስታችሁ አለችልን" ብዬ።

አንድ ጠዋት "ለውይይት ትፈለጊያለሽ" የሚል ወረቀት መጣልኝ። ስለ ውሉ መስሎኝ ነጠላዬን አስተካክዬ፣ የድሮውን ውል በፕላስቲክ ጠቅልዬ መንገዱን ተሻገርኩ። ስገባ ሹሙ አሉ፣ ምክትላቸው አለ፣ ሌሎች ሁለት ሰዎች አሉ፤ ጥግ ላይ አብሮ አደጌ ቃለ ጉባኤ ልትይዝ እስክሪብቶዋን ይዛ ተቀምጣለች። ሳያት ልቤ መለስ አለ። ፈገግ አልኩላት። አላየችኝም መሰለኝ።

ምክትሉ ወረቀት አወጣና "በሕዝብ መካከል ስለ አመራሩ የተነዙ ፌዞች" ብሎ ማንበብ ጀመረ። ተራ ቁጥር አላቸው፣ ዘጠኝ ናቸው። "ተራ ቁጥር አንድ፤ ለኤሌክትሪክ ኃይል አንቱታ በመስጠትና ለአመራሩ አንቱታ በመንፈግ..." አለ። በእግዜር፣ በሌላ ቀን ቢሆን መሬት ላይ ወድቄ እስቅ ነበር። "ይህን ብለሻል ወይስ አላልሽም?" አለኝ።

"ብያለሁ። ግን ጌታዬ፣ መብራቱ መጣ ስል ስለ ሽቦው ነው" አልኩ። "ለሽቦ ታዲያ ምን ልበል?"

"መጡ ያልሽበት ቀንም አለ" አለ ወረቀቱን እያየ።

"ያም ስለ ሽቦው ነው።"

"ሽቦ አንቱ ይባላል?"

ሹሙ ጢማቸውን ዳሰስ አደረጉ፤ ሳቃቸውን የያዙ መሰለኝ። ሁለተኛው ተነበበ፣ ሦስተኛው ተነበበ። ተራ ቁጥር አራት ስለ ሐጂ ጀነሬተር ነበር፤ ምክትሉ የራሱን ስድብ በራሱ አፍ ማንበብ ነበረበት፣ "ይጮሃል፣ ያጨሳል" እያለ አንገቱ ድረስ ቀላ። ሹሙ በዚህኛው በግልጽ ሳቁ። "ይሄስ እውነት አለው" አሉ። የሻማው፣ የሶላሩ፣ የእሳት እራቱ፣ ሁሉም ተራ በተራ መጣ። ሁሉም የሷ ናቸው፤ ቃሉም አጠራሩም የሷ። እሷ ጥግ ላይ ሆና ቀልዶቿን እንደገና ትጽፋለች፣ ቀና አትልም።

እኔ በየተራ ቁጥሩ "አዎ፣ ብያለሁ" አልኩ። አንድ ጊዜ እንኳ ያመጣችው እሷ ናት አላልኩም። ምላሴ ጫፍ ላይ ደርሶ ነበር፤ ግን ደሞዝተኛ ናት፣ እኔ ብናገር ከዚያው ወንበሯ ላይ ነው የሚያነሷት ብዬ ዋጥኩት። የሹሙም ፊት አላስፈራኝም። እንግዲህ ይገስጹኛል፣ እኔም ይቅርታ እላለሁ፣ ውሉ ይታደሳል ብዬ እያሰብኩ ነበር። ስምንተኛው ሲያልቅ ሹሙ ሰዓታቸውን አዩና "ሰው መቼም መቀለዱን አይተውም" አሉ። ልነሳ ሁሉ ቃጣኝ።

"አንድ ይቀራል" አለ ምክትሉ።

ዘጠነኛውን አነበበ። እናታቸው ጨለማ መሮአቸው፣ የወለዱት ግን ጨለማውን። አማርኛው ጥሩ ነበር፤ እኔ ለባለጉዳይ ከምተረጉመው ይልቅ የተስተካከለ ነበር።

በዚያ መንገድ ላይ ያዳመጠን ፍየል ነው። በኽምጣና ነው የተናገርኩት። የሰማኝ ጆሮ አንድ ነው፣ ወደ አማርኛ ሊያዞረው የሚችል አፍም አንድ ነው። ዞሬ አየኋት። እስክሪብቶዋ ቆሟል። ከዚያ መጻፍ ጀመረች።

ሹሙ መነጽራቸውን አወለቁ። ከዚያ በፊት እንዲህ ሆነው አይቻቸው አላውቅም፤ ሹም መሆናቸው ቀርቶ አንድ የደከማቸው ሰው ሆኑብኝ። "ሌላው ይቅር" አሉ። "እናቴ ምን አደረገችሽ? በሕይወት እንኳ የለችም።"

ምን እላለሁ? አላልኩም ልል አልችልም፣ ብያለሁ። እሷ ተርጉማ ሰጠችብኝ ብል፣ መጀመሪያ የተናገረችው ማን ሆነና? ጉልበታቸው ላይ ልወድቅ አሰብኩ፣ አልወደቅኩም። አፍሬ ነበር፤ ከልቤ ነው ያፈርኩት፣ እስካሁንም አፍራለሁ። ከእፍረቱ ሥር ደግሞ የእስክሪብቶዋ ድምፅ ይሰማኝ ነበር። "ይቅር ይበሉኝ" አልኩ ብቻ። በእጃቸው "ውጪ" አሉኝ።

ውሌ አልታደሰም። ክፍሏን እንድለቅ የመጣው ደብዳቤ ከታች በኩል የጸሐፊዋ ምልክት አለበት፤ ጽፋ፣ ማኅተም አስመትታ፣ በሌላ ሰው እጅ ላከችው። መንገዱን እንኳ አልተሻገረችም። ማሽኔን ያሸከሙልኝ ሐጂ ናቸው። ገበያው ጀርባ ካለው መጋዘናቸው አንድ ጥግ ለቀቁልኝ፣ "እስኪያልፍ ድረስ" ብለው። አምላክ ይስጣቸው። ግን ከዝቋላ የመጣ ባለጉዳይ እዚያ ድረስ እየጠየቀ አይመጣም። የተለቀቀችው ክፍል ውስጥ ሌላ ሰው ሌላ ፎቶ ኮፒ ከፈተ። ትልቋ ልጄ ትምህርቷን አቋርጣ ኮምቦልቻ ሥራ ፍለጋ ሄደች። "ለጊዜው ነው" አለችኝ። እኔም ለጊዜው ነው እላለሁ።

ከዚያ ሹሙ ተቀየሩ። ሹም መቼ ቋሚ ሆኖ ያውቃል። ከተማው እንደገና አፉን ፈታ፤ "መብራቱ ሄደ" ሲል ማንም ወደ ኋላው አላየም። በዚያው ሳምንት አብሮ አደጌ መጣች። ገበያው ጀርባ ድረስ፣ በጭቃ፣ ጠይቃ አግኝታኝ። ወንበሩን ሳበችና ተቀመጠች፣ እንደ ድሮው።

"ሰማሽ?" አለችኝ። "አዲሱ ሹም ሲመጣ ምን ብለው አስተዋወቁት መሰለሽ? ኃይል ተቀይሯል፣ አምፖሉ ግን ያው ነው።"

ጥሩ ቀልድ ነበር። እግዜር ያሳያችሁ፣ ጥሩ ቀልድ ነበር፣ ከንፈሬ ሊከዳኝ ትንሽ ቀርቶት ነበር። ያዝኩት። በእጄ የነበረውን ወረቀት አስቀመጥኩና ስንት ጊዜ በልቤ ያመላለስኩትን ጠየቅኋት።

"ስምንቱን ስጪ፣ እሺ። ዘጠነኛዋን ለምን ሰጠሽ?"

ትክዳለች ብዬ ነበር። ብትክድ ይሻለኝ ነበር። ጣቷን እያፍተለተለች በኽምጣና ጀመረች።

"በአማርኛ ንገሪኝ" አልኳት።

"ምክትሉ ጠርጥሮኝ ነበር" አለች። "ቀልዱ ከቢሮ ነው የሚወጣው ተብሎ፣ ዓይኑ እኔ ላይ ነበር። ሥራዬን ልጣ? አንድ ሰው ማቅረብ ነበረብኝ። ስምንቱ ደግሞ የእኔ ናቸው፤ አንቺም ታውቂያለሽ፣ ወደ እኔ ብትጠቁሚ አለቀልኝ። አንዷ የራስሽ ካልሆነች አይሆንም። ያቺ ስትነበብ ፊትሽ እንደሚመሰክርብሽ አውቅ ነበር። አንቺ መዋሸት አትችዪም።"

እውነቷን ነው፣ አልችልም። ከልጅነታችን ጀምሮ ታውቀኛለች። እኔ እዚያ ክፍል ውስጥ ስምንት ጊዜ ለሷ ብዬ ዝም ስል፣ እሷ አንገቷን ደፍታ ዘጠነኛዋ እስክትደርስ እየጠበቀች ነበር።

በሩ ላይ ከፃግብጂ የመጡ አንድ ሽማግሌ በትራቸውን ተደግፈው ቆመዋል፣ ማመልከቻ የሚጻፍበት እዚህ ነው ወይ እያሉ። አንድ ወንበር ብቻ ነው ያለኝ።

"ተነሺ" አልኳት፣ "እሳቸው ይቀመጡበት።"